ራሱን ደጋግሞ የሠራው የቋራው ካሳ

ገለጉ፦ ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ብርዱ ሲለቀው፣ አየሩ ሲከብደው፣ ከእግሩ ሥር ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲዘረጋ ቋራ መድረሱን ያውቃል። ሰሊጥና ጥጥ፣ ማሽላና ዕጣን የሚገኝበት ይህ ቆላ ከሱዳን ጋር ይዋሰናል። የወረዳው መቀመጫ ገለጉ ናት። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ፤ በበጋ ፀሐዩ ድንጋይ ያግላል። በዚህ ምድር ሰው ኑሮን የሚያሸንፈው በጉልበቱ ብቻ ሳይሆን በትዕግሥቱም ጭምር ነው።

ይህ ቆላ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት አንድ ልጅ አበቀለ። ወላጆቹ ካሳ አሉት፤ ወታደሩ በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ አለው፤ አዝማሪው መይሳው ካሳ እያለ አወደሰው፤ ታሪክ ደግሞ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ብሎ መዘገበው። ስለ ጦርነቶቹና ስለ መድፎቹ፣ ስለ አንድነት ሕልሙና ስለ መቅደላው ፍጻሜው ትውልድ ሁሉ ሲተርክ ኖሯል። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ግን ሌላ ተጋድሎ ነበር፤ ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ተጋድሎ። ካሳ በወጣትነቱ ይህን ተጋድሎ ደጋግሞ አሸነፈ። ሐዘን በላዩ ላይ በተደራረበ ጊዜ ግን ተሸነፈበት። ድሉንም ሽንፈቱንም ከማንም በላይ የቀመሰው ገበሬው ነበር።

ካሳ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ነገሥታቱ በጎንደር በስም ይቀመጣሉ፤ አገሩን የሚያዝዙት ግን በየአውራጃው ጦር ያሰለፉ መሳፍንት ነበሩ። ዛሬ የተሾመ ነገ ይሻራል፤ ዛሬ የተዘራ ነገ በዘማች ፈረስ ይረገጣል።

አባት ልጃቸውን ሳያሳድጉ ሞቱ። ወይዘሮ አትጠገብ ሕፃናቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ሄዱ፤ ኑሮም ከበዳቸው። የካሳ ባላጋራዎች በኋለኛው ዘመን እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሳለቁ ነበር። ስድቡ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ካሳን ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። የድኻ ልጅ ተብሎ መናቅን ገና በልጅነቱ አውቆታል። ይህ ንቀት በኋላ ሁለት ዓይነት ፍሬ አፈራ፤ አንዱ ለድኻ ማዘን፣ ሌላው ለናቀው ሰው አለመመለስ ነበር።

ብላቴናው ፊደል እንዲቆጥር ጨንከር በሚባለው የተክለ ሃይማኖት ገዳም ገባ። ዳዊት ደገመ፤ የመጻሕፍትንም ጣዕም ቀመሰ። የመሳፍንቱ ጦርነት ግን ገዳም አላከበረም። አንድ ቀን ወታደሮች ገዳሙን ወርረው በተማሪዎቹ ላይ ግፍ ሠሩ። ካሳ ከጥቂቶቹ ጋር አምልጦ ነፍሱን አተረፈ። እኩዮቹ ያለ በደላቸው ሲያልቁ ያየ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አይረሳውም። የሥርዓት ናፍቆቱም፣ የቁጣው እሳትም ከዚያች ቀን ጋር ሳይያያዙ አልቀሩም።

ከዚያ በኋላ መጠጊያ የሆነው የአባቱ ወገን፣ የደምቢያና የቋራ ገዢ ደጃዝማች ክንፉ ነበሩ። በእሳቸው ቤት ፈረስና ጋሻ፣ ሙግትና አስተዳደር ተማረ። ደጃዝማች ክንፉ በድንበሩ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ያሸነፉ ሰው ስለነበሩ፣ ካሳ ከምዕራብ የሚመጣውን ባላንጣ ገና በወጣትነቱ አወቀው። ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም አካባቢ ሲሞቱ ግን ግዛታቸው ለካሳ አልደረሰውም፤ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ወሰዱት። አባቱን በልጅነቱ ያጣው ወጣት ርስት አገኛለሁ ብሎ በጠበቀበት ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ።

በዚያ ዘመን የተነጠቀ መኮንን የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነበር፤ ዱር ቤቴ ብሎ መሸፈት። ካሳም ወደ ተወለደበት ቆላ ወረደ። የቋራ በረሃ ለደጋ ወታደር የሚመች አልነበረም። ወባው፣ ሙቀቱና የውኃው ጥም አሳዳጁን ይመልሰዋል። ለካሳ ግን ቆላው መደበቂያ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት ሆነው። ከሞላ ጎደል ያለ ሥልጣን፣ ያለ አዛዥና ያለ አሞጋሽ የኖረባቸው እነዚያ ዓመታት ማን እንደሆነ የለዩ ዓመታት ናቸው።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሽፍታ ዘረፈ፤ የነጋዴ ጓዝ መታ፤ ከድንበር ማዶ ከመጡት ጋር ተጋጨ። ብዙ ሽፍቶች በዚሁ ይቀራሉ። ካሳ ግን ሌላ ነገር አደረገ። በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው፣ ያገኘውን ገንዘብ ለቋራ ድኾች አካፍሎ መቆፈሪያ እንዲገዙና መሬታቸውን እንዲያለሙ አዘዘ። ክረምት ሲገባም እሱና ተከታዮቹ ጫካ መንጥረው አረሱ። ጦር የለመደ እጅ ዶማ ጨበጠ።

ይህ ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደነበር የሚያውቀው የቆላ ገበሬ ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ለሥራ የሚመቸው በመካከሉ ባለች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ መሣሪያ ያጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይራባል። በቆላ በሬ በበሽታ ስለሚጠቃ ደግሞ የእጅ መቆፈሪያ የብዙ ሰው ተስፋ ነበር። ካሳ ለድኻው እህል ቢሰጠው ኖሮ አንድ ወር ያበላው ነበር። መቆፈሪያ ሲሰጠው ግን ነገውን ሰጠው። ሲነጥቅ የኖረ ወጣት ሰጪ መሆንን፣ ከሰው ጉልበት መብላትን ትቶ በገዛ ላቡ ማደርን መረጠ። የመጀመሪያው ታላቅ ለውጡ ይህ ነው፤ የተደረገውም በቋራ ምድር ነው።

ዝናው እየሰፋ ሲሄድ ተከታዩ በዛ። በጦር ሊያስገብሩት ያልቻሉት እቴጌ መነንና ራስ ዓሊ በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ። የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ወጥመድ ነበር፤ ወጥመዱ ግን ፍቅር ሆነ። ተዋበች ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ከባሏ ጋር ቆመች። ለካሳ ይህች ሴት ሚስት ብቻ አልነበረችም። ቁጣው ሲነድድ የምታበርድ፣ ሲቸኩል የምታዘገይ፣ ሲሳሳት ሳትፈራ የምትናገር ሰው ሆነችለት። በንቀት መካከል ያደገው ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርጣሬ የሚያምነው ሰው አገኘ።

ከቤተ መንግሥቱ ጋር ያለው ሰላም ግን አልቆየም። ንቀቱ ሲበዛበት እንደገና ወደ ቆላው ተመለሰ። እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን አዘመቱበት፤ እሳቸውም የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎከሩ ይባላል። ካሳ ድል አድርጎ ማረካቸው፤ ከዚያም ኮሶ አስጠጣቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ታሪኩ ሲወራ ሰው ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያልጠገገ ቁስል አለ። ካሳ ብዙ ነገሩን ለውጧል፤ ይህችን ቁስል ግን ይዟት ኖሯል።

በ1839 ዓ.ም እቴጌ መነን ራሳቸው ዘመቱበትና በካሳ እጅ ወደቁ። ሊበቀል ይችል ነበር፤ ነገር ግን አልገደላቸውም። በድርድር ለቀቃቸውና የደጃዝማችነት ማዕረግንና የክንፉን ግዛት አገኘ። ቁጣውን ይዞ ጥቅሙንና ነገውን ማሰብ እንደቻለ ይህ ምሕረት ያሳያል። በዚያን ጊዜ ተዋበች አጠገቡ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት በደም የተጻፈ ነበር። በ1840 ዓ.ም ካሳ ብዙ ሺህ ሰው አሰልፎ ወደ ሱዳን ወረደ፤ ደባርቂ ላይ የመሸገውን የግብፅ ጦር ገጠመ። ጠላቱ በቁጥር ያንሳል፤ ነገር ግን ምሽግ፣ መድፍና ሥርዓት ያለው ተኩስ አለው። ጀግንነትን ብቻ ይዞ ወደ ምሽጉ የሮጠው የካሳ ሠራዊት ረገፈ። ሽንፈት ያልለመደው ደጃዝማች የወገኖቹን አስከሬን ጥሎ ወደ ቋራ ተመለሰ።

ሰው ከእንዲህ ያለ ሽንፈት በኋላ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጥፋቱን በሌላው ላይ መጫን ነው፤ ወታደሩ ፈራ፣ ዕድሉ ጠመመ፣ ቀኑ ከፋ ማለት ነው። ሌላው ወደ ራስ መመልከት ነው። ካሳ ሁለተኛውን መረጠ። ቁጥርና ድፍረት ብቻቸውን እንደማያዋጡ ተረዳ። ከዚያ ወዲህ ሠራዊቱን በሥርዓት ማሠልጠን፣ መሣሪያን መፈለግ፣ መድፍን መመኘት የማይለቀው ሐሳብ ሆነ። ከድንበር ማዶ ያለውን ጉልበት ስለለካ አገር ውስጥ ካሉት ጋር ለጊዜው ታረቀ፤ ለራስ ዓሊ ገብቶም ዓመታትን ታገሠ። ትዕቢተኛ ነው ሲባል የኖረ ሰው አንገቱን ደፍቶ መጠበቅን ተማረ። ሁለተኛው ታላቅ ለውጡ ይህ ነበር።

ትዕግሥቱ በ1845 ዓ.ም ፍሬ ሰጠ። በኅዳር ወር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል ነሣ፤ በሚያዝያ ጣቁሳ ላይ፣ በሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ የራስ ዓሊን ጦር ሰበረ። አይሻል የየጁ መሳፍንት ሥልጣን ያከተመባት ቦታ ሆነች። በየካቲት 1847 ዓ.ም የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸንፎ፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ስሙንም ለወጠ። ሕዝቡ ፍትሕና ጥጋብ የሚያመጣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል ብሎ ሲጠብቅ ኖሯልና የቋራው ሽፍታ ያን ስም ተሸከመ።

ስሙ ከዘውዱ ይከብድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስም ሊሸከሙት ተጉ። ወታደር በገበሬ ላይ እንዳይሠራ፣ ሳይከፍል እንዳይበላ ለማድረግ ሞከሩ። በየዱሩ የተበተነው ሰው ወደ አባቱ ሙያ እንዲመለስ፣ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ በአዋጅ አዘዙ። የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ተነሡ። መኳንንቱ ብዙ ሴት በሚያገቡበት ዘመን ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቁርባን ጸንተው ለሌላው አብነት ሆኑ። የሸዋውን ሕፃን ምኒልክን በምርኮ ቢወስዱትም እንደ ልጅ አሳድገው ልጃቸውን ዳሩለት። በቋራ መቆፈሪያ ያካፈለው ወጣት አሁን ያንኑ ሐሳብ በአገር ስፋት ሊሠራበት ቆርጦ ነበር።

ቁጣቸው ግን አልጠፋም ነበር። በዘመኑ አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች በጻፉት ማስታወሻ እንደሚታየው፣ ንጉሡ ሲቆጡ የሚደፍራቸው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። እቴጌ ተዋበች ቀዳሚዋ ናት። ሌላው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ የተሾመው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው። ቤል አገሩን ትቶ በኢትዮጵያ ትዳር መሥርቶ የኖረ፣ ለንጉሡ ከአገልጋይነት ይልቅ ወዳጅነት የቀረበ ሰው ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውዴንም ምክራቸውን ከሚሰሟቸው አንዱ ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ ንጉሥን የሚመክርና የሚያበርድ ሰው ከመድፍ ይበልጣል። አፄ ቴዎድሮስ እነዚህን ሦስት ሰዎች ሳሉ በቁጣቸው ላይ ልጓም ነበራቸው።

በ1850 ዓ.ም ነሐሴ እቴጌ ተዋበች አረፈች። የንጉሡ ሐዘን ከባድ ነበር። በአበሻ ወግ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ዘመድ ከጎኑ ይቀመጣል፤ አልቃሽ ስታወርድ ሰው እንባውን ያወጣል፤ ሰባትና አርባ፣ ተስካርና ሙት ዓመት ሐዘኑን ቀስ በቀስ ያቃልሉታል። ንጉሥ ግን ከዘመቻ ወደ ዘመቻ የሚሄድ፣ በየአቅጣጫው አመፅ የሚጠራው ሰው ነው። ተቀምጦ የሚያለቅስበት ጊዜም፣ ሳይፈራ እህ ብሎ የሚሰማው ሰውም አነሰው።

ሐዘኑ ሳይበርድ ሌላ ሐዘን ተጨመረበት። በመጋቢት 1852 ዓ.ም ፕላውዴን ጎንደር አቅራቢያ በአመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ። የአመፁ መሪ የንጉሡ የገዛ ዘመድ ገረድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1853 ዓ.ም ገጠሙት። በዚያ ውጊያ ጆን ቤል የንጉሡን ሕይወት ለማዳን ሲል ራሱ ወደቀ። ገረድም ተገደለ። ከሁለት ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሚስትም፣ ወዳጅም፣ መካሪም ሄዱ።

ከውጊያው በኋላ የሆነው ነገር የአፄ ቴዎድሮስን ሁለት ዘመናት የሚለይ ድንበር ነው። እጃቸውን የሰጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። እቴጌ መነንን ማርኮ የለቀቀው ካሳ በዚህ ቦታ አልታየም። ያን ጊዜ ከጎኑ የነበረችው ሴት አሁን አልነበረችም። ሐዘን መውጫ አጥቶ ቁጣ ሆነ፤ ቁጣውም ሥልጣን ነበረው።

ንጉሡ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም ልጅ ዓለማየሁ ተወለደ። አባቷን ዘውድ ያሳጣና በእስር ያቆየ ሰው ያገባች ወይዘሮ የተዋበችን ቦታ ልትሞላ አልቻለችም። ትዳሩ ፍቅርና ዕረፍት አላገኘም። በቤት ያጡትን ሰላም በሜዳ አላገኙትም። አንዱ አመፅ ሲጠፋ ሌላው ይነድዳል። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቀንሰው ለወታደር ቀለብ ለማድረግ በመነሣታቸው ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ዘውድ የጫኑላቸውን አቡነ ሰላማንም በመቅደላ አሰሩ። አቡኑ በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ።

ደባርቂ ላይ ተሸንፎ ራሱን የመረመረው ካሳ፣ ዘውድ ከጫነ በኋላ ያንን ልማዱን እየተወ ሄደ። በሽፍትነቱ ዘመን ስሕተቱ ወዲያው ይነገረው ነበር፤ ጠላቱ ይነግረዋል፣ ረሃቡ ይነግረዋል፣ ሚስቱም ትነግረዋለች። በንግሥናው ግን ዙሪያውን የከበቡት የሚፈሩት ብቻ ሆኑ። ፍርሃት ደግሞ እውነት አይናገርም። ሰው ሁሉ ሲሸሻቸው ንጉሡ ጥርጣሬያቸው ጨመረ፤ ጥርጣሬያቸው ሲጨምር የሚሸሸው በዛ። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ባጣ ጊዜም የጥንቱ የንቀት ቁስል አመረቀዘ። የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ።

የዚህን ሁሉ ዋጋ የከፈለው ገበሬው ነው። ቀድሞ ወታደር እህል እንዳይነካ የከለከሉት ንጉሥ፣ ግብሩ ሲነጥፍና ግዛታቸው ሲጠብብ ሠራዊታቸውን በዘረፋ ማኖር ጀመሩ። ደምቢያና በጌምድር፣ ለንጉሡ የቅርብ ዘመድ የሆነው አገር፣ ተዘረፈ፤ ጎተራ ተራቆተ፤ መንደር ተቃጠለ። በ1859 ዓ.ም የጎንደር ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ተበዘበዙ። የዘር እህሉ የተወሰደበት ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመትም ያጣል። መቆፈሪያ የሰጠው እጅ አሁን ዘሩን ነጠቀ። ገበሬው ሲሸሽ ወታደሩም ከዳ፤ በአንድ ወቅት እጅግ ብዙ የነበረው ሠራዊት ወደ 10 ሺህ ገደማ ወረደ።

በዚህ ጨለማ ውስጥም ግን የጥንቱ ካሳ ፈጽሞ አልሞተም ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባቋቋሙት መንደር የውጭ አገር ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን መድፍ ሠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። የደባርቂው ትምህርት ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ብረት ለብሶ ቆመ። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሡ ይህን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ገደሉ እየተደረመሰ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ጅረቱ እየተደለደለ መንገድ ወጣ። ያዩ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ ንጉሡ ዳር ቆመው አላዘዙም፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ ነበር። በቋራ ጫካ የመነጠረው ሰው በእነዚያ ወራት ተመልሶ የመጣ ይመስላል። የእጅ ሥራ ለአፄ ቴዎድሮስ ሁልጊዜም ከራሳቸው ጋር የሚታረቁበት መንገድ ነበር።

እሳቸው መንገድ ሲቀድዱ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደር ያለው የእንግሊዝ ጦር እስረኞቹን ለማስለቀቅ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ይመጣ ነበር። ሁለቱ ኃይሎች የተገናኙት በሰሙነ ሕማማት ነው። በጸሎተ ሐሙስ፣ ረሃብና ጥም ያስጮኻቸው አገሬ እስረኞች የንጉሡን ቁጣ ቀሰቀሱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ቁጣው ሲበርድ ጸጸት ተተካ፤ ንጉሡ ሌሊቱን በጸሎት እንዳሳለፉ ይተረካል። ጸጸቱ እውነተኛ ነበር፤ የሞተውን ግን አይመልስም።

በማግሥቱ ሚያዝያ 3፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ተደረገ። ከ700 የማያንሱ ኢትዮጵያውያን እንደወደቁ ይገመታል፤ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ቀሩ። ከሽንፈቱ በኋላ ንጉሡ ለናፒየር ባስጻፉት ደብዳቤ ሕይወታቸውን ወደ ኋላ ተመለከቱ። ግብር ጥሎ ሕዝቡን በሥርዓት ለማስተዳደር ያደረጉት ሙከራ የገዛ ወገናቸውን እንዳራቀባቸው ገለጹ። ባል የሌላቸውን ሴቶች፣ ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሌዎች፣ በእሳቸው እጅ ይኖሩ የነበሩትን ችግረኞች አደራ አሉ። ሁሉን ሲያጡ ያሰቡት ስለ ድኻ ነበር። በዚያው ሰዓት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው አጠገባቸው የነበሩት አስጣሏቸው።

ከዚያ በኋላ አውሮፓውያኑን እስረኞች አንድም ሳይጎዱ ለቀቁ። ለትንሣኤ በዓል ላሞችና በጎች ለእንግሊዝ ጦር በዕርቅ ምልክትነት ላኩ። ናፒየር ግን እጃቸውን ካልሰጡ ዕርቅ እንደማይኖር አሳወቁ። በትንሣኤ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ የእንግሊዝ ወታደሮች መቅደላን ሲሰብሩ አፄ ቴዎድሮስ ከብዙ ዓመት በፊት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ወራሪው አምባውን አቃጥሎ፣ ንጉሡ ከየቦታው ያሰባሰቧቸውን የብራና መጻሕፍትና ቅርሶች ጭኖ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። የሰባት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጅ ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ አረፈ፤ አጽሙ እስከ ዛሬ በዊንድሰር ነው።

የመቅደላው ሞት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለጠላት እጅ ያለመስጠት ምሳሌ ሆኖ ይታወሳል፤ ክብሩም የሚገባ ነው። የሕይወታቸው ትምህርት ግን በዚያች ቀን ብቻ የተቋጠረ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ሊተኮርባቸው ይገባል። በቋራ የሆነው ለውጥ ሰው በተወለደበት ድህነት፣ በደረሰበት ግፍ፣ በወደቀበት ሽንፈት ተወስኖ እንደማይቀር ያሳያል። ከዘራፊነት ወደ አራሽነት፣ ከችኩልነት ወደ ትዕግሥት መሻገር ተችሏል። ከ1850 ዓ.ም በኋላ የሆነው ደግሞ ሌላውን ያስረዳል። አንዴ የተለወጠ ልብ እንክብካቤ ካጣ እንደ ሰነፍ ገበሬ ማሳ አረም ይውጠዋል። የሚመክር ሰው ያጣ፣ ያላለቀሰውን ሐዘን ይዞ የሚዞር ጀግና ራሱንም ወገኑንም ይጎዳል።

በቋራ ቆላ ዛሬም ክረምት ሲገባ ገበሬው ያችን አጭር የእርሻ ጊዜ እንዳታመልጠው ይጣደፋል። ከሞት የባሰ መከራ ያየ፣ ዘመድ ያጣ፣ ቤቱ የተዘጋበት ሰው በየዘመኑ በዚህ ድንበር አልጠፋም። የካሳ ታሪክ ለእንዲህ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይነግረዋል፦ ከወደቁበት ተነሥቶ ዶማ መጨበጥ እንደሚቻል፣ ሐዘንን ግን ብቻ መሸከም የቋራውን አንበሳ እንኳ እንደጣለው።